ለቀብራችን ሰው ሲጠሩ የኖሩት የአቶ አንዳርጋቸው ዝናው የሕይወት ታሪክ

ይህን ታሪክ ፊደል የቆጠረ ሰው ይጻፈው ተብሎ ነበር። «ወይዘሮ ስህን መፈረም እንኳ አያውቁም፤ እሳቸው ያልቅሱ፣ ጽሑፉን ለአስተማሪ እንስጠው» ያሉ የዘመድ ጠበብት አልጠፉም። ወልዳ ያሳደገች፣ እስከ ትናንት ያነሳች ያስተኛች እናት የልጇን ታሪክ አታውቅም መባሉ ነው። ስለዚህ ቃሉ የእናታቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ሳምሪ በብዕር አስፍራዋለች፤ ለማሳመር የጨመረችው ሁሉ ተሰርዟል።

አቶ አንዳርጋቸው ከአባታቸው ከአቶ ዝናው ሽታው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስህን ይማም በ1979 ዓ.ም ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው መንደራችን ተወለዱ። አባታቸው የአምባሰል ሰው ነበሩ፤ ከውጫሌ ወርደው እዚህ ጎጆ ቀለሱ፣ ልጃቸው ተማሪ ሳሉም አረፉ። አንዳርጋቸው ሐይቅ ከተማ እየተመላለሱ አሥረኛ ክፍል ጨረሱ። በትምህርት ጎበዝ ነበሩ ተብሎ እንዲጻፍ ሳምሪ ጠይቃለች፤ መካከለኛ ነበሩ። ድምፃቸው ግን ከማዶ ይሰማ ነበር።

በ1999 ዓ.ም በሐይቅ ገበያ የልብስ ስፌት ጀመሩ። እሳቸው የሰፉት ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም።

በ2002 ዓ.ም ከበርጩማ መነሳት ያቅታቸው ጀመር። ጭናቸው፣ ቀጥሎም ትከሻቸው እየሟሸሸ ሄደ። ሰው እንደ ልማዱ አዋቂ ሆነ፤ አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሌላው መተት ነው፣ ሌላው ስንፍና ነው። ስንፍና ያለውን ሰው እናታቸው በስም ያውቁታል፤ ዛሬም ከፊት ተቀምጧል። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለጠበል ሲወሰዱ ሴት አይገባምና እናታቸው በሩ ላይ ዋሉ። ጎረቤታችን ኑርዬም ቤቱ ዱዓ አስደረገ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም አያቸውና ከዘር የሚመጣ የጡንቻ በሽታ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለ። የታጨችላቸው ልጅ ነበረች፤ ወገኖቿ ይህን ሰምተው መልሰው ወሰዷት። ትዳር አልመሠረቱም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ በደግነት ብዛት ሊጨርሳቸው ነበር። ወንዱ ያነሳቸዋል፣ ሴቱ ያጎርሳቸዋል፣ አንገታቸውን እንኳ ሌላ ሰው ያክላቸዋል። በእኛ አገር በሽተኛ በእጁ ከበላ የእናቱ ስም ይጠፋል። እንዲህ እየተባለ እጃቸው ሳይሞት ሥራ ፈታ።

በ2009 ዓ.ም ኢልሀም የምትባል ባለሙያ ከደሴ መጣች። ሙያዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ በሽታውን አያድንም፣ በቀረው ጉልበት ሰው የራሱን ኑሮ የሚኖርበትን መላ ያበጃል። እሷ እንደ ሌሎቹ የት ያምሃል አላለችም። «ምን መሥራት ነው የምትፈልገው?» አለች። እናታቸው ልብስ መስፋት ይላል ብለው ሲጠብቁ እሳቸው «ቀብር መድረስ» ብለው መለሱ።

ለማያውቅ እንግዳ ይነገረው። ቅሬያችን ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት የሚቀብር ማኅበር ነው። ቀብር የማይደርስ ሰው አባል አይሆንም፤ አባል ያልሆነ ወንድ ጢሙ ቢሸብትም የእናቱ ልጅ ነው።

ኢልሀም ከማንኪያው ጀመረች። እጀታው ላይ ጨርቅና የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠቀለለች፣ ክርናቸውን ሣንቃ ላይ አስደገፈች። የምግቡ ግማሽ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። እናታቸው «አንቺ ልጅ፣ እናቱ የሞተችበት አስመሰልሽው እኮ!» ብለው ጮኹባት። «እማማ ስህን፣ ጉርሻውን ከጠገበ በኋላ ያጉርሱት» ብላ ሳቀች። ይችው ናት፣ አትደነግጥም። እናታቸው አሁንም ተሸነፍኩ አላሉም፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ማጉረስን ግን ማንም አልነጠቃቸውም።

ቀጥሎ ጉልበታቸውን እንደ ክረምት እህል ማብቃቃት አስተማረቻቸው። መታጠቡ ወደ ማታ ዞረ፣ ቀኑ ለሚወዱት ሥራ ተረፈ። ቤታችን ጉብታ ላይ ነው፤ ሰው ሲሞት ለቀብር የሚጣሩት የቅሬው ጠሪም አርጅተው ነበር። ኢልሀም የቅሬውን የድምፅ ማጉያ በግንድ ላይ አሰረች፣ ወንበሩን ከጀርባ ደገፈች፣ በትንፋሽ መካከል አጠር አጠር አድርጎ መናገርን አለማመደች። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ሰው ሲሞት ቀባሪውን የሚጠሩት አንዳርጋቸው ሆኑ። ለክርስቲያኑ ነፍስ ይማር፣ ለእስላሙ አላህ ይርሐመው ይሉ ነበር፤ አንድም ቀን አልተምታታባቸውም። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ መንደሩ ሲሸሽ እሳቸው መሸሽ አልቻሉም፤ ለቀሩት ሽማግሌዎች ቀብር ሰው የሰበሰበው የእሳቸው ድምፅ ነው።

አባል ልሁን ብለው በየዓመቱ ይጠይቁ ነበር። የቅሬው ዳኛ አቶ ታረቀኝ «አንተማ የእኛው ልጅ ነህ፤ በእናትህ ሥር አለህ አይደል?» እያሉ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ይሄዱ ነበር። ያ ትከሻ ያማቸው ነበር።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በሽታው ወደ መተንፈሻቸው ገባ። በመጨረሻው ጥሪያቸው የሟችን ስም ብቻ ተናገሩ፤ ሰው ግን ሞልቶ መጣ። ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ38 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸውን፣ እህታቸውንና ሳምሪን ትተዋል። ኢልሀምም ከቤተሰብ ትቆጠር፤ ቅር የሚለው ካለ ይለው።

ትናንት አቶ ታረቀኝ መጥተው አባል ሲሞት ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቆማል፣ የቤት ጥገኛ ሲሞት ግን ያንኑ ዕለት ይነሳል፣ ደንብ ነው አሉ። የእናታቸው መልስ ይኸው ተጽፏል።

ፈጣሪ የአንዳርጋቸውን ነፍስ መነሳት መቀመጥ በማያደክምበት ቦታ ያሳርፍልን።

አቶ ታረቀኝ፣ ይህ ንባብ ሲያበቃ ይነሱ። እናታቸው ስለ ድንኳኑ ሸራ አይለምኑም፤ ሸራ ከገበያም ይገኛል። የሚጠይቁት በሕዝቡ ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ «የቅሬያችን አባል አቶ አንዳርጋቸው ዝናው አርፈዋል» እንዲሉ ነው። ይህን እስኪሉ ሬሳው ከዚህ አይነሳም። እንጠብቃለን።