በአባዬ ቀብር ቀን የለበስኩት

ለምወድሽ እህቴ ለተረፈች ነገሳ፤

አካም ጅርታ፣ እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው ዓመት የጣለሽ ወባ ተመልሶ አልመጣብሽም ወይ? ሉቃስስ ደህና ነው? ወገቡን ያመዋል ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለው? ትንሿ ሲምቦ ጥርስ አወጣች ካልሽኝ ቆየሽ፤ አሁንማ ድክ ድክ ሳትል አትቀርም። የእናንተን ደህንነት ያሰማኝ እንጂ እኔ ለሚያየኝ ሰው ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሰበታም ብርዱ ገብቷል፤ የወፍጮ ቤቱ ሥራ አዲሱ ጤፍ እስኪደርስ ድረስ ቀዝቀዝ ብሏል።

ደብዳቤ መጻፌ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «የገዛ አባትሽን ሳትቀብሪ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። አልተቀየምኩሽም። በሰው አገር ሆነሽ፣ መምጫ አጥተሽ፣ አባትሽን ሳትሰናበቺ መቅረትሽ እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ወንድማችን ሚልኬሳ ምን እንዳለሽም ሰምቻለሁ። «እንደ ወንድ ለብሳ መጥታ፣ ሰው ፊት ተጣልታን፣ ሳትቀብር ሄደች» ብሎሻል። ግማሹ እውነት ነው። የሉቃስ የአጎት ልጅ ሰለሞን ሰኞ ወደ እናንተ ስለሚመለስ ሌላውን ግማሽ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከልብሱ ልጀምር። ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂኛለሽ። ሱሉልታ ድርቆሽ ስናስር የሚልኬሳን አሮጌ ሱሪ ካልሰጣችሁኝ ብዬ አለቅስ ነበር፤ አንቺም ደብቀሽ ትሰጪኝ ነበር። ከሄድሽ ወዲህ ግን ሰውነቴ ሌላ ሆኗል። ደረቴም ዳሌዬም ሰፍቷል፤ የወፍጮ ቤቱ የእህል ሚዛን ላይ ስቆም መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ እመዝናለሁ። በየዓመቱ የምትልኪልኝ ቀሚስ ሁሉ በድሮዋ ሄመን ልክ ነው። አመስግኜ ተቀብዬሻለሁ፤ አንዱንም ግን ለብሼው አላውቅም። ቢበቃኝም አልለብሰውም ነበር። ቀሚስ ስለብስ ቀኑን ሙሉ ስለ ቀሚሱ ሳስብ እውላለሁ፤ እንዴት እንደምቀመጥ፣ ማን እያየኝ እንደሆነ። ሸሚዝና ሱሪ ስለብስ ስለ ልብሴ አላስብም። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልበትም።

ታዲያ የሚሆነኝን የወንድ ልብስ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰልባጅ ተራ ሄጄ ሱሪ ሳነሳ ሻጩ «ለማን ነው?» ይለኛል። «ለባሌ» እላለሁ። «ወፍራም ነው?» ሲለኝ «እኔን ያህላል» እላለሁ። ይህን ባል አራት ዓመት አኖርኩት። ለባሌ ካልኩ ደግሞ እዚያው መለካት አልችልም። ቤት ወስጄ ስሞክረው በዳሌዬ የገባው ወገቤ ላይ ሁለት እጅ ያስገባል፣ ወገቤን የሚይዘው ጭኔ ላይ ይቀራል። ሸሚዝም እንደዚያው ነው። ደረቴን እንዲሸፍን ትልቁን ከወሰድኩ ትከሻው ክንዴ ላይ ይወድቃል፣ እጅጌው ጣቴን ይውጣል፤ ትከሻዬ ላይ ልክ ከሆነ ደግሞ ደረቴ ላይ ቁልፎቹ ይከፈታሉ። በመርፌ ቁልፍ ይዤው ስሠራ አንድ ቀን ኩንታል ሳነሳ ተከፍቶ ወጋኝ። ደሙ ነጩ ሸሚዝ ላይ ሲወጣ እህል ይዞ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሸሚዙን ሳጥብ ግን ሳቅ አልነበረም።

ቡራዩ ያሉትን ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ ጃዕፈርን፣ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሱቃቸው ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቄ፣ «የወንድ ሙሉ ልብስ ፈልጌ ነበር፤ ለእኔ ነው» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለእኔ» ማለቴ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ለሥራ ነው ለክት?» ብቻ አሉኝ። ለክት አልኳቸው።

ሴት በእጃቸው አይለኩም። ባለቤታቸው ራዲያ መጋረጃ ውስጥ አስገብታ በሜትር ትለካኛለች፤ እርሳቸው ከውጭ ሆነው «ደረት? ከብብት እስከ ወገብ? ዳሌ?» እያሉ ይጽፋሉ። «ዳሌ መቶ ሠላሳ አራት» ብላ ጮክ ብላ ጠራች። ማንም አልሳቀም። እሷ ቁጥሩን እንደ ቁጥር ጠራችው፣ እርሳቸውም እንደ ቁጥር ጻፉት።

ከዚያ በኋላ አስቀምጠው አስረዱኝ። እስከ ዛሬ ሰውነቴን ልደብቅ ብዬ የለበስኩት ሰፋፊ ልብስ ይበልጥ እንዳገዘፈኝ፣ ኮት ትከሻ ላይ በትክክል ከተቀመጠ ሌላው በራሱ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ነገሩኝ። ኮቱን ዳሌዬን እንዲያልፍ አስረዘሙት። ከብብት ሥር ትንሽ እጥፋት ሰፍተው ለደረቴ ቦታ አበጁለት፤ የደረት ኪሱን ጭራሽ ተዉት። ሱሪውን ወገቡ ላይ ከፍ፣ እግሩን ቀጥ አደረጉት። ሸሚዙ ላይ እንዳይከፈት ከውስጥ በኩል የማትታይ ቁልፍ ጨመሩበት። ጥቁር ሱፍ ነው። ሦስት ጊዜ ፈትተው ሰፉት። ባለቀ ቀን ራዲያ መስታወቱን ስታዞርልኝ ዕንባዬ መጣ። ቀጭን አላስመሰለኝም፤ ወንድ አላስመሰለኝም። እኔን ነው ያስመሰለኝ፣ ተረፈች።

ነሐሴ ላይ የአባዬ ሕመም ሲጠና ያንን ለብሼ ሱሉልታ ሄድኩ። እማዬ አይታኝ ፊቷን አዞረች። አባዬ ግን ከአልጋቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጅጌዬን በጣታቸው አሹት። «ማነው የሰፋልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልክሽ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ያሉኝን ለማንም አልነገርኩም። «ልጅ ሆነሽ ሱሪ ለበስሽ ብዬ የገረፍኩሽ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ሞተው አለቁ» አሉኝ። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው።

መስከረም ሠላሳ፣ ሐሙስ ማታ ማረፋቸውን ዓርብ ጠዋት ሰማሁ። ያለኝ ጥቁር የክት ልብስ ያ ብቻ ነው፤ እሱን ለብሼ፣ ነጠላዬን ከላይ ዘቅዝቄ፣ አዲስ አበባን አቋርጬ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ደረስኩ። ሚልኬሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነጠላዬን ገልጦ አየና «እንዲህ ሆነሽ ድንኳን አትገቢም። ዛሬ የአባዬ ቀን ነው እንጂ የአንቺ አይደለም» አለኝ። «አባዬ አይተውታል፤ ልክሽ ነው ብለውኛል» አልኩት። «ሬሳ ለምስክርነት አትጥሪ» አለኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰደብኩት። ያ ጥፋቴ ነው፤ ሰው ሰምቷል።

ያን ጊዜ የአባዬ ታላቅ እህት አዳዳ ሎሚ መጥተው እጄን ይዘው ወደ እህል ጓዳው ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ እሺ በይኝ። አስከሬኑ ሳይወጣ ቶሎ በይ» እያሉ እያለቀሱ ለመኑኝ። ለእርሳቸው ስል እሺ አልኩ። ከቤቱ ትልቁ ቀሚስ የእርሳቸው ጥቁር ቀሚስ ነበር። ልብሴን አወለቅሁ፤ እርሳቸው እንዳይቆሽሽ ብለው አጣጥፈው ወሰዱት። ሁለት የጎረቤት ሴቶች ቀሚሱን በአናቴ አጠለቁልኝ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጆቼ ወደ ላይ እንደተሰቀሉ፣ ፊቴ በጨርቅ እንደተሸፈነ፣ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሲጎትቱ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ተተረተረ። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያም አንደኛዋ ሳቋ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ «ይቅር በይኝ» አለች፤ ሁለተኛዋም ሳቀች። በክፋት አይመስለኝም፤ ሐዘን ላይ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ወዲያው ውጭ ጩኸቱ ተነሣ፤ አስከሬኑ ወጣ። ሁለቱም ሮጡ።

ልብሴን ስፈልግ የለም። አዳዳ ሎሚ ሳጥናቸው ውስጥ አስገብተው ቆልፈውበት፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከሕዝቡ ጋር ሄደዋል። ረስተውታል እንጂ አስበው ያደረጉት አይደለም። ጓዳው ውስጥ የቀረሁት ጎኑ በተቀደደ ቀሚስ ነው።

አሁን ለሚልኬሳም፣ ለእማዬም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። የጓዳው በር አልተቆለፈም ነበር። ጆንያው ላይ አንድ አሮጌ ጋቢ ነበር። ተከናንቤው መውጣት እችል ነበር። ጋቢውን አንስቼ፣ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። የሴቶቹ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ። ትንሽ ልረጋጋና እወጣለሁ እያልኩ ስቆም፣ ለቅሶው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ሚልኬሳ ከለከለኝ ማለት እችላለሁ፤ አዳዳ ሎሚ ልብሴን ቆለፉብኝ ማለት እችላለሁ። ከበሩ ኋላ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። እንቅልፍ እንዴት ይወስድሻል ላልሽኝ፣ አይወስደኝም።

ከቀብር ሲመለሱ አዳዳ ሎሚ ሳጥኑን ሲከፍቱ ነው ያስታወሱት፤ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ልብሴን ለብሼ በድርቆሹ ክምር በኩል፣ በጓሮ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ብቻዬን መጥቼ መቃብሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ተመለስኩ።

የሳጥኑ ሚስማር የኮቱን ገበር ቀዶት ስለነበር ወደ ቡራዩ ወሰድኩት። ጋሼ ጃዕፈር አባቴ ማረፋቸውን ሰምተው ኖሮ አጽናኑኝና «ለቀብሩ ይህንን ነው የለበስሽው? ሰዉ ምን አለ?» አሉኝ። «አማረብሽ አለኝ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ራዲያን ጠርተው ነገሯት። እነዚያን ሁለት ሰዎች ዋሽቻቸው ወጣሁ።

ኅዳር ዘጠኝ የአርባቸው ዕለት፣ ሚልኬሳ ቀሚስ ካልለበስሽ እንዳትመጪ ብሎ ልኮብኝ ነበር። ሄድኩ። በዚያው በልብሴ፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የማውቃቸው ሰዎች መሬት መሬት እያዩ አለፉኝ። ቆይቶ እማዬ በሳህን ምግብ ይዛ ወጣች። በጣም ከስታለች። «ብይ» ብላ ሰጠችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፤ እኔን ከሰው ልትሰውረኝ ይሁን ሰውን እንዳላይ፣ አላወቅሁም። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ እንደቀረሁ ልነግራት ስጀምር ሳትዞር «አውቃለሁ» አለችኝ። «ሎሚ በዚያው ቀን ነግራኛለች» አለች። ያውቁ ነበር፣ ተረፈች። አንቺ ከጁባ እየደወልሽ «ሄመን የት ሄዳ ነው?» እያልሽ ስታለቅሺ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከዚያ ሳህኑን ተቀብላኝ «በቃ ሂጂ፣ ወንድምሽ ሳያይሽ» አለችኝ። ግቢ አላለችኝም።

ሚልኬሳን እንድትጣዪው አልፈልግም። እማዬንም አትውቀሻት፤ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። ቀሚስ ግን ከእንግዲህ አትላኪልኝ። ሌላ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልትፈርጂብኝ ትችያለሽ፤ እኔም በራሴ ፈርጃለሁ። ግን ለሉቃስም ሆነ ለማንም ሰው «ሄመን አባቷን አልቀበረችም» ብለሽ ስትናገሪ፣ በዚያች ሰዓት የት እንደነበረችና ምን ለብሳ እንደነበረ ጨምረሽ ተናገሪ።

ሉቃስን ከልብ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ከባድ ዕቃ አያንሳ። ሲምቦን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አብራችሁ የምትኖረዋን ኢክላስንም፣ ሐዘን ላይ ስላልተለየችሽ እግዜር ይስጥሽ ብላለች በያት። ለራስሽም እዘኚ፣ ብዙ አታልቅሺ።

እህትሽ ሄመን ነገሳ
ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.