ሞተር ይገዛል

ከይምርሐነ ክርስቶስ ሥር
ጥር 5 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ የኔሰው፤

ነገ ማለዳ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ስለተገኘ ይህን ዛሬ መጨረስ አለብኝ። እህትህ ቤት መሆንህን ሰምቻለሁ። ደብዳቤው የማን እንደሆነ ስታውቅ ልትቀድደው እንደምትችልም አውቃለሁ። ባንቺዓለም ነኝ፤ የቄስ ወልደ ሰንበት ልጅ፣ በምትነዳት ላንድክሩዘር የኋላ ወንበር ላይ ተኝታ የሄደችው። ከመቅደድህ በፊት አንድ ነገር ብቻ አንብብ፦ ባለፈው እሑድ ከቅሬው ጉባኤ ተነሥተህ ስትወጣ፣ የተናገርኩትን ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው። የምጽፍልህ ቀሪውን ልነግርህ ነው።

የዚያን ቀን ነገር አንተ መሪ ይዘህ አይተኸዋል። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ስለነበር ያለኝ የሰማሁት ነው። ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰንብቶ በመጨረሻ መቆም አቃተኝ። ትርፍ አንጀት መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። ቅሬው ተጠራ። የእኛ ቅሬ የሞተ መቅበር ብቻ አይደለም ሥራው፤ የታመመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ከወንዙ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ የሻው፣ “ይቺ አስተማሪ የተማረችውን ሁሉ ይዛ ነው እንዴ የተኛችው? ትከሻዬ አለቀ!” ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ከላይ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ቀጥሎም ጠጠር እየረገጠ የሚወርድ ጫማ። አንተ መኪናህን አቁመህ፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ የገቡትን እንግዶች ትጠብቅ ነበር። ማንም አልጠራህም። “አምጣ፣ እኔ ልቀበልህ” አልከው የሻውን። ቃሬዛው በአንድ በኩል ከፍ አለ፤ ከሌሎቹ ረዥም ነህና። ከላይ ስንደርስ አባቴ ገና “ልጄ፣ እባክህ” ከማለታቸው፣ “ያስገቧት አባ፣ ያስገቧት” አልክ። እንግዶችህ ዋሻው ደጃፍ እስከ ማታ ተቀምጠው እንደቀሩ፣ ካህናቱም ዳቦና ጠላ እያቀረቡ እንዳባበሏቸው የሰማሁት ሆስፒታል ከተኛሁ በኋላ ነው።

መንገድ ላይ ደረቁን ወንዝ ስንሻገር ከሥራችን ድንጋይ ብረት ሲመታ ጮኸ። የመታው እኔን መስሎኝ ነበር። ትንሽ ሄድን። አባቴ ከፊት ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር።

“አባ” አልካቸው፤ “ይቺ ቀይ መብራት በራች።”

“ምን ማለት ነው ልጄ?”

“ዘይቱ ፈሷል ማለት ነው። ካልቆምኩ ሞተሩ ይነክሳል። ከነከሰ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሞተር አይደለም፤ ብረት ነው።”

“ብትቆምስ?”

“ብቆም ሌላ መኪና እስኪመጣ መጠበቅ ነው።”

በዚያ መንገድ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ ሦስታችንም እናውቃለን። አባቴ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። አንተ ለራስህ፣ በጣም ቀስ ብለህ፣ “ሞተር ይገዛል” አልክ። ማርሽ ስትቀይር ሰማሁ። መኪናዋ ፈጠነች። ከዚያ በኋላ፣ ልብ በል፣ ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ጸሎታቸውን አቋርጠው፣ “እንዳትቆም! በማርያም ገዝቼሃለሁ!” ያሉት።

ሞተሩ ላሊበላ መግቢያው ላይ ጮኾ ጸጥ አለ። የቀረውን በባጃጅ ወሰድከኝ። ሐኪሙ ለአባቴ፣ “ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የምታመጡልኝ ሕመምተኛ አይኖርም ነበር” አላቸው።

አሁን ወደ ጉባኤው ልመለስ። አንተ ከወንዶቹ መካከል ነበርክ፤ እኔ ከቅሬው ዕቃ ቤት ግድግዳ ሥር ከእናቴ አጠገብ። ስፌቴ ገና ስላልጠና እናቴ እንዳልመጣ ለምናኝ ነበር። አሠሪህ አቶ ውባንተ ከከተማ ድረስ ሲመጡ ሰው ሁሉ ሆቴል ያለው ጌታ ሊጮህብን ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኹም። እውነቱን ለመናገር ጥፋት አላየሁባቸውም። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ናት፤ የቆመችባቸውም የገና እንግዳ ሊገባ ሲል ነው።

“የዘይት ቋቱ ቀዳዳ አደጋ ነው” አሉ። “ድንጋይ ነው የበሳው፤ እሱን እኔ እችላለሁ። ሞተሩ ግን አደጋ አይደለም። ቀይ መብራት እያየ ነድቷል። ነድቶ ጸደቀ፤ እሰየው! ግን ጽድቁ የእሱ፣ ስብራቱ የእኔ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? የነዳው ይክፈል፤ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኝ።”

አባቴ ተነሡ። “ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የገዘትኩት። የተገዘተ ሰው ፈቃድ የለውም። ዕዳው የእኔ ነው፤ በሬዎቼ ይሸጡ።”

እናቴ ክንዴን ጨበጠች። አንተ አንገትህን ደፍተህ ዝም አልክ። በዝምታህ አልፈርድም። ልጆች አሉህ፤ እንጀራህ መንጃ ፈቃድህ ነው፤ ሽማግሌ ቄስ ሸክምህን ላንሣልህ ሲሉህ እጃቸውን የምትገፋበት ጉልበት ከየት ታመጣለህ?

የቅሬው ዳኛ አያ አዳም ግን እንዲህ ባለ ነገር ቸኩለው አያውቁም። “ቄስ ወልደ ሰንበት፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ” አሉ። “ግዝቱ ቀደመ ወይስ መንዳቱ?”

“ግዝቱ” አሉ አባቴ። አልዋሹም። ጸሎት ላይ ስለነበሩ የሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው።

ይኼኔ ተነሣሁ። በቅሬ ጉባኤ ሴት ቆማ ስትናገር ያየ የለም። የሻው ቀድሞ፣ “አንቺ ደግሞ ተጋድመሽ ምን አየሽ?” አለኝ።

“አላየሁም የሻው፤ ሰማሁ። ትከሻዬ አለቀ ስትልም ሰምቻለሁ።”

ሳቁበት። ሳቁ ሲበርድ የሰማሁትን እንዳለ ተናገርኩ፦ መብራቱን፣ “ሞተር ይገዛል” ማለትህን፣ ማርሹን፣ ከዚያም ግዝቱን። “የወሰነው እሱ ነው፤ አባቴ የገዘቱት እሱ ከወሰነ በኋላ ነው” አልኩ።

“ይገዛል!” አሉ አቶ ውባንተ። “በማን ኪስ?”

ሰው እንደገና ሳቀ። አንተ ተነሣህ። ቁልፉን ከፊታቸው ድንጋይ ላይ አኖርክና ወደ እኔ ዞረህ፣ “የአባትሽ በሬ በለጠብሽ አይደል?” ብለህ ሄድክ። ጠራሁህ፤ ልከተልህም ሞከርኩ፤ ስፌቱ ያዘኝ። ጓሮውን አልፈህ ወደ መንገዱ ስትወጣ ጀርባህን አየሁ።

ያልሰማኸው እዚህ ላይ ይጀምራል።

“አያ አዳም፣ አልጨረስኩም” አልኩ። “አንድ ተሸካሚ በመንገድ ላይ እግሩ ቢሰበር ቅሬው ምን ያደርግለታል?”

“ያርስለታል፣ ያጭድለታል፤ እስኪድን።”

“ለማንኛውም ተሸካሚ?”

“በፈቃዱ ለተሸከመ። በገንዘብ የተቀጠረውን ወይም ተገድዶ የገባውን ቅሬው አያውቀውም።”

“የሻው፣ ዳገቱ ላይ ማን ተቀበለህ?”

የሻው ጎረቤቶቹን አየ፣ መሬቱን አየ። “እሱ” አለ።

“ጠርታችሁት ነው?”

“ኧረ ማን ጠራው! ራሱ ዘሎ ገባ እንጂ።”

“እንግዲያው ሰውየው የቅሬው ተሸካሚ ነው” አልኩ። “ትከሻውን ሲሰጥ ማንም አላስገደደውም፤ ቀይ መብራቱን እያየ ሲነዳም አባቴ ገና አልገዘቱትም። ከዳገቱ ራስ እስከ ከተማ መግቢያ የተሸከመኝ በመኪናዋ ነው። እናንተ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ፤ የእሱ እግር እሷ ነበረች። መንገድ ላይ ተሰበረች።”

የኔሰው፣ እውነቱን መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ ለዚህ ነው። የአባቴ ቃል ጸንቶ ቢቀር አንተ የተገደደ ሰው ሆነህ ትቀር ነበር፤ ለተገደደ ሰው ደግሞ ቅሬው አይቆምም። በሬዎቹ ይሸጡ ነበር፤ ሁለት በሬ የሞተር ግማሽ አይሞላም፤ የጎደለውን አቶ ውባንተ ዞረው ከአንተ ይጠይቁ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መናገር ብችል ኖሮ ዛሬ ወልድያ አትሆንም ነበር። አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ ልዘርዝርልህ አልችልም። የሻው፣ “ነገ ደግሞ አውሮፕላን ቢሰበር ቅሬው ሊከፍል ነው?” ብሎ ብዙ ሰው አስጨበጨበ። አንዳንዱ፣ “እኛ ያለን ቃሬዛ ነው፤ የመኪና ቅሬ ከተማ ይፈልግ” አለ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ያዳነን ወንድምአገኝ ነው፤ ሐቻምና በሽተኛ ተሸክሞ ገደል አፍ ላይ የወደቀው። እያነከሰ ወደ መሀል ገባ።

“የሻው፣ የእኔ እግር ሲሰበር ማን አረሰልኝ?”

“እኔ ነኛ።”

“ትልምህ እንደ እባብ ጠማማ ነበር። ግን አረስክልኝ። ያን ቀን ‘የወንድምአገኝ እግር እኔን ምን አገባኝ’ ብትል ኖሮ ልጆቼ ምን ይበሉ ነበር?”

የሻው ቦታው ላይ ተቀመጠ። አቶ ውባንተ ግን ተነሡ። “እኔ እንዲታረስልኝ አይደለም የመጣሁት” አሉ። “የምፈልገው ሞተር ነው።”

“ቅሬው ለተሰበረ እግር ብር ሰጥቶ አያውቅም” አሉ አያ አዳም። “ያለን ጉልበት ነው። የሆቴልዎ ግንብ ከመሠረቱ ሳይነሣ ቀርቷል አሉ። ድንጋይ ጠርቦ ማስቀመጥ ለላስታ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ለግንበኛ ያሰቡትን ገንዘብ ለሞተር ያውሉት፤ ግንቡን እኛ እናቆማለን።”

“ሞተር ሰብራችሁ ግንብ ትሰጡኛላችሁ?”

“ግንብ አይነክስም፣ አቶ ውባንተ።”

እሳቸውም ሳቁ፤ ሳይፈልጉ ነው የሳቁት። ብዙ ካሰቡ በኋላ ያስቀመጥከውን ቁልፍ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። “ክረምት ሳይገባ ካለቀ እስማማለሁ” አሉ።

ተፈረደ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። አያ አዳም ጉባኤውን ከመበተናቸው በፊት የቅሬውን ደንብ አስታወሱ፦ ቅሬው ለሌለ ሰው አይሠራም። ተሸካሚው እግሩ ቢሰበርም ማሳው ዳር መጥቶ ይቀመጣል፤ ካልተቀመጠ ማንም ሞፈር አያነሣም። ሥራው የሚጀመረው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ፣ ሆቴሉ በር ላይ ነው። አንተ እዚያ ካልቆምክ አያ አዳም ሰዉን ይበትናሉ። አቶ ውባንተም ክሱን በዚያው ቀን እንደሚያስገቡ በሁሉም ፊት ተናግረዋል። እንዳትመጣ የሚመኙም አሉ። የሻው፣ “ካልመጣ እሰየው፣ ገብሴን እወቃለሁ” እያለ ነው፤ ምንም እንኳ ያባቱን የድንጋይ መሮ ሲስል ባየውም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ አላነጋገሩኝም ነበር። በሰው ፊት ቃላቸውን ማፍረሴ ከብዷቸዋል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ስጽፍ አይተው መጡና ከኋላዬ ቆሙ። “ለዚያ ልጅ ነው?” አሉኝ። ነው አልኳቸው። “ግዝቱን ፈትቼለታለሁ በይው። እንዳትቆም ብዬ ገዝቼው ሳልፈታው ቀርቼ ይሆናል ወልድያ ድረስ የሄደው።” ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ የሳቅኩ እንደሆነ ስፌቱ አሁንም ያመኛል።

እንደተቀየምክ መምጣት ትችላለህ። አታናግረኝ፤ ሰላምም አትበለኝ። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የተናገርኩት እውነት ነው፤ እውነት መሆኑን ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ሕይወቴን ያተረፈ ሰው “ተገድዶ ነው” ሲባል ዝም ብዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ ይቅርታ ስጠይቅህ እኖር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ነኝ። ድንጋይ እንዳልሸከም ሐኪሙ ከልክሎኛል። ከወልድያ የሚመጣውን መንገድ ቆሜ ማየት ግን አልከለከለኝም።

እህትህ
ባንቺዓለም ወልደ ሰንበት