ጄኔሬተሩን ወስጃለሁ

ብስራት፣

ጄኔሬተሬን በባጃጅ ጭኜ ወደ ኮር ዊሊያም ሰፈር ሄጃለሁ። ዛሬ የእጮኛህ ቤተሰቦች አዲሱን ኪችንህን ሊያዩ፣ ምሳም ሊበሉ እንደሚመጡ ረስቼው አይደለም።

ሴራሚኩ ያምራል። ሰፈሩ መብራት ስለሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃህ ግን ያለ ጄኔሬተር አይግልም፤ እንዴት እንደምታበስል አንተ ታውቃለህ።

የከሰል ምድጃዬንና ሥጋ ነክቶት የማያውቀውን የጾም ድስቴን ሳትጠይቀኝ አውጥተህ ጣልክ። የት አደረስካቸው ብልህ ጓደኞችህ ፊት፣ "ቢራራ፣ ጭስህን ይዘህ አገርህ ግባ" ብለህ አሳቅህብኝ።

በዕድሜ አባትህ እሆናለሁ።

ሽንኩርቱን ከትፌዋለሁ፤ ለአንተ ብዬ ሳይሆን እንግዳ ስለማከብር ነው። ፍሪጁን ደጋግመህ አትክፈት፣ ዶሮው ይበላሻል። የቤታችንን ቁልፍ ጎረቤታችን በዛብሽ ሱቅ ትቼዋለሁ።

"ይቅርታ ጋሼ" በለኝ ብዬ አልለምንህም። ስልኬ ግን እስከ ምሳ ድረስ ክፍት ነው።

ቢራራ