«ነጻ ነው» ላሉኝ የቀድሞ አለቃዬ

ለክቡር አቶ ዘመድኩን
የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ
ዲራ፣ ዱባይ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ጉሮሮዎን እንዳላስቸገረው፣ እንቅልፍዎም እንደ ቀድሞው የሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ደኅንነት ከጠየቁ፣ አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ ጥሪው እስኪቋረጥ ትንፋሼን ከመያዜ በቀር ደኅና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ለብቻዎ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ለማንበብ ጊዜ እንዳጡ ስለገባኝ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሲምረት እባላለሁ፤ እስካለፈው ክረምት ድረስ በድርጅትዎ ድረ ገጽ እሠራ ነበር።

እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ነጻ» ስለሚለው ቃል

የደንበኞቻችን ድረ ገጾች የሚያድሩበት ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ የሚሠራው ኦፕን ሶርስ በሚባሉ መሣሪያዎች ነበር። እነዚህን መሣሪያዎች በየአገሩ ያሉ፣ በአካል የማናውቃቸው ባለሙያዎች ሠርተው፣ አሠራራቸውን ሳይደብቁ ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቅቀዋቸዋል። ለንግድ መጠቀምም ተፈቅዷል፤ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ሠሪዎቹ በምላሹ የጠየቁት ስማቸውና የፈቃድ ጽሑፋቸው ከመሣሪያው ላይ እንዳይነሣ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን እኔ ከመቀጠሬ በፊት ስማቸውን አስፍቀው፣ ለደንበኞች «የራሳችን መሐንዲሶች ፈጠራ» እያሉ አቀረቡት። ከእነዚያ መሐንዲሶች አንዷ እኔ እንደሆንኩ የሰማሁት ከደንበኛ ጋር ሲያስተዋውቁኝ ነው። ስለ ሹመቱ እጅ እነሣለሁ።

ኋላ ሠሪዎቹ መረጃ በሚቀመጥበት መሣሪያ ላይ ሌባ ሊገባበት የሚችል ክፍተት አግኝተው፣ መድፈኛውን ከማስጠንቀቂያ ጋር ለሁሉም አሰራጩ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሌባውም ስለሚያነበው መድፈኛውን ቶሎ መጫን ግድ ነው። ይህንኑ ልነግርዎት ስመጣ፣ መድፈኛው ከተጫነ የተፋቀው ስም ተመልሶ እንደሚወጣና ደንበኛውም የማን ሥራ እንደሆነ እንደሚጠይቅ በትዕግሥት አስረዱኝ። በመጨረሻም «ነጻ ነው እኮ ሲምረት፤ በነጻ ያገኘነው ቢበላሽ ምን እንከስራለን?» አሉኝ። ቃሉን ከክፍያ ነጻ ማለት ብቻ አድርጌ ስረዳው ኖሬ ነበር፤ ከኃላፊነትም ነጻ ማለት መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

፪. ስለ ሻርጃው ደንበኛዎ

እርስዎ የጽዳት ድርጅት ነው ያሉኝ የሻርጃው ደንበኛ የቤት ሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲ ነበር። አገራችን ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄዱ ካገደች ወዲህ፣ ልጆቹን በጉብኝት ቪዛ እያስገባ ፎቷቸውንና ፓስፖርታቸውን እኛው ሰርቨር ላይ ያኖር ነበር። ይህን ያወቅሁት ከእርስዎ ሳይሆን ከረሒማ ነው።

ረሒማ የወሎ ልጅ ናት። በሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ቢድ ስፔስ ብለው አልጋ በአልጋ በሚያከራዩት ክፍል፣ አልጋዋ ከእኔ አልጋ ጎን ነበር። አንድ ረቡዕ ከሹግል፣ ከሥራዋ፣ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና ስልኳን ሰጠችኝ። በዚሁ ኤጀንሲ በኩል መጥታ ዓጅማን፣ አል ጁርፍ በሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ኢኽላስ የማታውቀው ሰው የላከላትን ፎቶ ለእርሷ አስተላልፋላት ነበር። የኢኽላስ የራሷ ፓስፖርት ነው። ከሥሩም ቪዛዋ ማለፉን እንደሚያውቅ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከባቃላው፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ ጥግ ብቻዋን እንድትቆም፣ ካልመጣች ለፖሊስ እንደሚሰጣት ጽፎላታል።

በፎቶው ግርጌ ሰርቨራችን በእያንዳንዱ ምስል ላይ የሚያትመው ደብዛዛ ምልክት አለ። ምልክቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዳየሁት፣ ባልተደፈነው ክፍተት የገባ ሌባ እንደወሰደው ገባኝ። ሰውየው ከየት እንዳገኘው ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ረሒማ ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያየች መልስ ትጠብቃለች።

በማግስቱ ፎቶውን ይዤ ቢሮዎ ገባሁ። አይተው ሲያበቁ በሩን ቀስ ብለው ዘጉና «ይህን አላየሽም፤ እኔም አላየሁም። ኸላስ፣ በቃ። ቪዛሽን የፈረመልሽን ሰው ግን አትርሺ» አሉኝ። በሩን ቀስ ብለው ስለዘጉት አመሰግናለሁ፤ ቢያላትሙት ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር። ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ሰርቨሩን አጠፋሁት። እርስዎም ምሳ ሳይደርስ መልሰው አበሩት።

ዓርብ ዕለት ከረሒማ ጋር በታክሲ ወደ ዓጅማን ሄድን። መንገዱን ሙሉ የእርሷ ከንፈር ዱዓ ያደርጋል። ስንደርስ መስታወቷ የጠቆረ ነጭ መኪና ከባቃላው አጠገብ ሞተሯ እየሠራ ቆማለች። ጥጉ ላይ ማንም የለም። ኢኽላስን መኪናዋ ውስጥ አስገብተዋታል ብዬ አሰብኩ። ረሒማ ወደ መኪናዋ ልትሮጥ ስትል ዓባያዋን ጨምድጄ ያዝኳት፤ ከብልኅነት ሳይሆን ከፍርሃት ነው።

ያን ጊዜ ኢኽላስ የምትሠራበት ግቢ በር ተከፈተና አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ እጇን ይዛት ወጣች። ልጅቷ ጠዋት ሁሉንም ነግራት ኖሯል። ማዳሟ በቤት ጫማ እንደሆነች እስከ መኪናዋ ድረስ ሄደች፤ ስልኳን አንሥታ የታርጋውን ቁጥር ፎቶ አነሣች፤ ከዚያም የሾፌሩን መስታወት በጣቷ ቆረቆረች። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንደርድራ ተጠመዘዘችና ሄደች። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ሥራ አንዲት የቤት እመቤት በነጠላ ጫማ ወጥታ ሠራችልዎት።

ማዳሟም ደፋር ብቻ አልነበረችም። ኤጀንሲው የኢኽላስ ወረቀት የተሟላ ነው ብሏት ነበርና፣ ቪዛው ማለፉን ስትሰማ እርሷም ደነገጠች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንሽ ካሰበች በኋላ «ያላ፣ ልብስሽን ሰብስቢ። ፖሊስ ከመጣ የሚይዘው ሁለታችንንም ነው» አለቻት። የመውጫዋን ጣጣ ራሷ ጨረሰችላት፣ አውሮፕላን ማረፊያም ራሷ ወሰደቻት። ኢኽላስ አሁን ኮምቦልቻ እናቷ ጋ ናት። ከቤት አትወጣም።

እኔን ደግሞ እሑድ ጠዋት አሰናበቱኝ። ቪዛዬን ሰረዙ፤ ሰርቨሩን በማጥፋቴ የድርጅቱን ንብረት በማበላሸት እንደሚከሱኝም ነገሩኝ። በዚያ አገር ሕግ ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ኢሚግሬሽኑ መስኮት ላይ ፖሊሱ ፓስፖርቴን ሲያገላብጥ፣ አሁን ስሜን ይጠራል እያልኩ የቆምኩትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ማኅተሙን መታና በእጁ እለፊ አለኝ።

፫. ውዴ ስለምትባለው ልጅ

ከመውጣቴ በፊት ረሒማ በስልክ ለምታገኛቸው የወሎ ልጆች ሁሉ ድምፅ ላከች፤ የፓስፖርታችሁ ፎቶ ከመጣላችሁ ብቻችሁን አትውጡ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ ብላ። መልስ መምጣት ጀመረ። ከመካከላቸው ያው ፎቶ፣ ያው ትእዛዝ የደረሳቸው ነበሩ። ውዴ የምትባል የደሴ ልጅ በሹክሹክታ «ለእኔም ልኮልኛል፤ ነገ ነው ያለኝ። ዋላሂ ምን እንደማደርግ አላውቅም» አለች። ረሒማ ወዲያው ደወለች፤ አላነሣችም። ለጥቂት ቀናት ስልኩ ይጠራ ነበር፤ ከዚያ መጥራቱንም ተወ።

ረሒማ እየፈራችም ቢሆን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በደንብ ተቀብለው ከየትኛው ቤት እንደጠፋች ጠየቋት። አታውቅም። የደሴ ቤተሰቦቿም አያውቁም። ኤጀንሲው በሩን ዘግቶ ሄዷል። ውዴ የተላከችበት ቤት የተጻፈው እርስዎ መልሰው ያበሩት ሰርቨር ላይ ነው፤ ለሌባ ክፍት የሆነው ለፖሊስ ግን የተዘጋ መሆኑ ይገርመኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ፤ አድራሻውን አውጥተው ለፖሊስ ይስጡ። እኔን መክሰስ ካማረዎት ከዚያ በኋላ ይክሰሱኝ፤ ስሜን ሙሉ አድርጌ ከታች ጽፌያለሁ፣ ላለመሸሽ የሚሆን ድፍረት ግን ዛሬም የለኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ተነሥቼ አያለሁ። እንዲህ የፈራሁት እኔ ቤተሰቤ መካከል ነኝ፤ ውዴ የት እንዳለች ግን አላውቅም።

ለሰጡኝ ሥራ፣ ላስተማሩኝ የቃላት ትርጉም፣ ደግሞም በሩን ቀስ ብለው ስለዘጉልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድርጅትዎ ይስፋ፣ ጎብኚ አይታጣበት፤ አንዱ ጎብኚ ፖሊስ ይሁንልዎት።

ከአክብሮት ጋር፣ ከፍርሃትም ጋር፣
ሲምረት ልዑል
አዲስ አበባ

ማሳሰቢያ፦ ኢኽላስ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራት ስለ ክስም ስለ ካሣም አላነሣችም። ያቺን የፓስፖርት ፎቶ የተነሣችው ለሠርግ ተውሳው በነበረ ሻሽ እንደሆነ ነገረችኝና፣ ለእርስዎ አንድ መልእክት ላከች፦ «ፎቶዬን ከሌላው ሁሉ እጅ ማስመለስ እንደማይችሉ ገብቶኛል። ከእርሳቸው ዘንድ ግን ይጥፋልኝ።»