ተሰንጥቆ ያልተለያየው ኮንክሪት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልኬን አላነሳም ስትል ብዕር አነሳሁ። ደህና ነህ ወይ? ጣቶችህስ?

«የገዛ ወንድምሽን ጉሮሮ ትዘጊ?» ብለህ በሩን ወርውረኸው ከወጣህ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር ሳይነካው፣ በራሱ እየፈሰሰ የሳንቃ ፎርሙን የሚሞላ ኮንክሪት ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደምንሠራ ስነግርህ፣ ቫይብሬተር ይዘህ ላሳደግኸኝ ለአንተ መርዶ ሆነብህ። ቢሆንም ያየሁትን ለሌላ ለማን እነግራለሁ? የተበላሸ ሬዲዮ ሳይቀር ፈታተን ካላየን እንቅልፍ የማይወስደን እኔና አንተ ነን።

ይኸውልህ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ ያምራል፤ ሲሰበር ግን እንደ ብስኩት ነው። ለማጠንከር አጫጭር የብረት ሽቦ ልንጨምርበት ተነሳን። እኔ ችኩሏ ከረጢቱን በአንድ ጊዜ ማደባለቂያው ውስጥ ገለበጥኩት። ሽቦው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ድብልብል ሆነ፤ ኮንክሪቱም አልፈስም አለ። አለቃዬ ጎንበስ ብላ አየችውና «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ጃርት ነው የወለድሽው» አለች። እስኪያመን ሳቅን።

በሁለተኛው ሙከራ ሽቦውን ቀነስን፤ ማደባለቂያው እየዞረ ጥቂት በጥቂት በተንኩት። ትንሽ ቢያዘግምም ፈሰሰ። ሁለት ቢሞች፣ ማለት አግዳሚ ተሸካሚዎች፣ ሠርተን ከጠነከሩ በኋላ መስበሪያው ማሽን ላይ ጫንናቸው። ሽቦ የሌለው ጓ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሽቦ ያለበት የበለጠ ጭነት ችሎ ተሰነጠቀ፤ ግን አልተለያየም! ባትሪ ይዤ ስንጥቁ ውስጥ አጮለቅሁ። ሽቦዎቹ የስንጥቁን ወዲህና ወዲያ ይዘው ቆመዋል። አንዳንዱ ተጎትቶ ወጥቷል፣ አንዳንዱ ወይ ፍንክች። ያኛው ለምን ወጣ? ይኼኛውስ ለምን ቀረ? እስካሁን አላወቅሁም፤ ብታየው አንተም ትብሰለሰል ነበር።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዝህን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶህ ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይቼሃለሁ። የቫይብሬተሩ መንቀጥቀጥ ጣቶችህን እያደነዘዘብህ ነው። ይህን ሥራ የያዝኩት ጉሮሮህን ልዘጋ አይደለም፤ ስለምወድህ ነው ጋሼ።

አለቃዬ «በዚህ ኮንክሪት ለምንሞላው አዲስ ግድግዳ ሽቦውን በትዕግሥት የሚበትን፣ ፍሰቱን የሚከታተል ሰው ፈልጊ» አለችኝ። ሳላስፈቅድህ የአንተን ስም ሰጠሁ። ሰኞ ጠዋት እንጀምራለን። አልዋሽህም፣ ቫይብሬተሩ አይመጣም። አንተ ግን ና።

ጥያቄ የማያልቅባት እህትህ