በለቅሶ ቤት የመጣብኝ ሳቅ

ለወንድም ጋሼ እንዳላማው፤

ከደጋው ብርድ የተነሣው ሰላምታዬ ቆላውን አቋርጦ ገዳሪፍ ድረስ ይግባልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱን ለመዱት? ውኃውስ ተስማማዎ? እኔ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ።

ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎም። አምና ግራ ዓይኔ ጨልሞ ነበር፤ ኋላ በራልኝ። ከዚያ ወዲህ መሬት ስረግጥ ባዘቶ የረገጥሁ ይመስለኛል። እናታችን እግሯን ስትጎትት ሥራ ጠልታ ነው ያልሁት እኔ ነበርሁ፤ እርስዎ ግን ወንድ ሆነው እንስራዋን ሲሸከሙላት ሰፈሩ ሳቀብዎ። እሱን ሳስብ እውላለሁ።

የባሰው አእምሮዬ ነው። በቃሌ የማውቀው ዳዊት መካከሉ ላይ ይጠፋብኛል። የሰው ስም እስካስታውስ ሰውየው አልፎ ይሄዳል። በቀደም ቀኑ ጠፍቶኝ፣ በረቡዕ፣ ለነፍስ አባቴ ለአባ ወልደ ሚካኤል እርጎ አቀረብሁ። «ልጄ፣ ፋሲካ ገባ እንዴ?» አሉኝና ሕመሜን ጠይቀው ጠበል አዘዙልኝ።

ሳላዝን እንባ፣ ደስ ሳይለኝ ሳቅ ይመጣብኛል። የጎረቤታችን የማንጠግቦሽ ልጅ ዋኘው በመስከረም በጣሊያን ጥይት ወደቀ። ሙሾ ሲወርድ ሳቅሁ። አፌን ብይዘውም አልቆመም። ሴቶቹ ለጣሊያን ያደረች አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወንዝ ወርጄ እንስራዬን የሚያሸክመኝ ጠፋ። ከልጅነት ጀምሮ እኅት የሆነችኝ ማንጠግቦሽም ፊቷን አዞረችብኝ።

ለአርባው ላልሄድ ቈርጬ ነበር። ለካ አባ ወልደ ሚካኤል ሕመሜን ነግረዋት ኖሯል፤ በዋዜማው መጥታ ደጄ ላይ ቆመች።

«አዝለሽ ባሳደግሽው ልጅ አትስቂም። ነይ፤ ከመጣብሽም አጠገቤ ሆነሽ ሳቂ» አለችኝ።

ሄድሁ። መጣብኝ። ማንጠግቦሽ ነጠላዬን ስባ ፊቴን ሸፈነችና አቅፋኝ ታለቅስ ጀመር። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ለቅሶና ሳቅ አይለይም፤ ሴቶቹ አሁን ገና አለቀሰችለት እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። በማግስቱ ወንዝ ስወርድ እንስራዬን አሸከሙኝ።

ለባለቤትዎ ለእትዬ ሥራነሽ፣ ለልጅዎ ለድረስ፣ አብሮዎ ለተሰደደው ለአስማማው ሰላም ይበሉልኝ። ማንጠግቦሽና አባ ወልደ ሚካኤልም እጅ ይነሣሉ። ከእንግዲህ ደብዳቤዬ ቢዘገይብዎ ሞተች አይበሉ፤ ቃል እየፈለገች ነው ይበሉ።

እኅትዎ አሰገደች
ሮብ ገበያ፣ ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.