የዳለቻዋ ወተትና የኔ አጥንት

ጥር 6፣ ጠዋት
ላሟን አለብኩ። እንደ ትናንቱ። ክቡር ደብተር ሆይ፣ የዚህን ቤት ሕግ መዝግብ፦ ዳለቻዋን እኔ አልባለሁ፣ ጥጃዋ ትጠጣለች፣ አማቴ እማማ ዘሃራ ይጠጣሉ፣ ድመቷ ሳትጋበዝ ትጠጣለች። እርጉዟ አትጠጣም። ወተት ፅንሱ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ ነጭ ነገር ለብሶ ይወለዳል ይባላል። ስድስተኛ ወሬ ነው። ዕድሜዬ 17። በማዕረግ ድመቷ ትበልጠኛለች።

ጥር 9
ቆሎ ስቆረጥም የኋላ ጥርሴ ተሰበረ። ግማሹ መዳፌ ላይ። እማማ አገላብጠው አዩትና፣ አብሽሪ፣ አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ነው አሉኝ። ሰባት ወልደዋል፤ ምስክሩ አፋቸው ውስጥ ነው። ወገባቸውም ጎብጧል። ለወገቡ ግን ተረት አላወጡለትም።

ጥር 12
በባጃጅ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ። አዋላጇ ጥርሴን አየች። ልጅ ጥርስ አይበላም፣ ጥርስሽ ቀድሞም ተቦርቡሯል አለችኝ። ፅንሱ የሚፈልገው ካልሲየም ነው፤ ከምግቤ ካጣ ከአጥንቴ ይወስዳል። የኔ አጥንት ደግሞ ገና እያደገ ነው። አንድ ገበታ፣ ሁለት ልጆች፤ አንዷ እኔ ነኛ አልኳት። አልሳቀችም።
ወተት እንድጠጣ፣ ጎመን እንዳበዛ። የካልሲየም ኪኒን ሰጠችኝ፤ በፊት ከምወስደው የደም ማነስ ኪኒን ጋር እንዳልውጠው፣ ሰዓት እንድለያይ። ዳሌዬ ገና አልሰፋ ይሆናል፣ ቤት እንዳልወልድ። ቀኔ ሲቃረብ እዚያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ እንድገባ። ባልሽስ አለች። ሰዒድ ለሥራ ሪያድ ነው አልኳት። አማትሽስ። ደህና ናቸው ብዬ ኪኒኑን ቋጥሬ ተነሳሁ።

ጥር 15
ኪኒኑ የለም። ዱቄት ልዘግን ስል ከማሰሮው ውስጥ አገኘሁት። እማማን ጠየቅሁ። አልካዱም። የአጥንት ኪኒን የልጁን አጥንት ያደነድናል፤ የደነደነ በጠባብ በር አይወጣም አሉ።
ነገሩ እውነት መሰለኝ። መልሼ እዚያው ከተትኩት። አንድ ሰው ሊስቅብኝ ከፈለገ እነሆ።

ጥር 18
ሦስት ቀን ያለ ኪኒን። ወገቤ ያመኛል፣ ሌሊት ባቴን ቁርጥማት ይይዘኛል። ፈራሁ። ለእማማ፣ እርስዎ ለልጅ ልጅዎ ሲሉ ለእኔ አይሳሱም አልኳቸው። ምላስ እንዲህ ነው፤ ይቀድማል።
ከዚያ ስለ ልጃቸው ስለ ሐዋ ነገሩኝ። የሰዒድ ታላቅ እህት። ባገባሁበት ቤት ውስጥ ስሟ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። በእርግዝናዋ ወተት አማራት፣ እሳቸው በእጃቸው አጠጧት። ሁለት ቀን አማጠች። ልጁ አልወጣም። እሷም አልተረፈችም።
"ያጠጣኋት እኔ ነኝ" አሉ።
ዕድሜዋን ጠየቅሁ። በጣታቸው ቆጥረው አሥራ ስድስት አሉኝ።
ደብተር ሆይ፣ ዛሬ ቀልድ የለኝም። ሴትዮዋ ወተት የነሱኝ ሊቀብሩኝ ስላልፈለጉ ነው።

ጥር 20
አፉ በይኝ፣ አፉ ይበሉኝ ብለን ይቅር ተባባልን። ከዚያ ጤና ጣቢያ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ነገ እንሄዳለን።

ጥር 21፣ ማታ
እማማ አዋላጇ ፊት ሲቀመጡ ስለ እኔ አልጠየቁም። የሐዋን ምጥ ተርከው፣ ልጄን የገደላት ወተቱ ነው ወይ አሉ።
አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አይደለም እናቴ፣ ነጩ ነገር በሁሉም ሕፃን ላይ አለ፣ ወተት የጠጣችም ያልጠጣችም ትወልደዋለች። የሐዋ ዳሌ ገና የልጅ ዳሌ ነበር፤ በጊዜ ሆስፒታል ብትደርስ ኖሮ። አልጨረሰችውም።
እማማ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፈቱት፣ እንደገና አስተካከሉት። ከዚያ፣ ይቺስ አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።
ይቺ በጊዜ ትመጣለች ተባሉ።
ቤት እንደገባን ኪኒኑን ራሳቸው አመጡ፣ ስውጥ ቆመው አዩኝ። መጋቢት መጨረሻ ማቆያው እገባለሁ። እሳቸውም አብረውኝ። ሰዒድ ሲደውል እንነግረዋለን። ፈቃድ አንጠይቀውም።